የሆስትስ ፋይል አንባቢዬን እንዴት ፈተሽኩት

ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍሎችን መረብ እንከባከባለን። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ተማሪው የውስጥ አገልጋዮቻችንን በስማቸው እንዲያገኝ በየኮምፒውተሩ ላይ ሆስትስ ፋይል፣ ማለትም የማሽኖችን ስምና አድራሻ የያዘ የጽሑፍ ፋይል አለ። በአንድ መስመር መጀመሪያ የአይፒ አድራሻ (ማሽኑ በመረቡ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር)፣ ቀጥሎ ስም፣ ከዚያም ቅጽል ስሞች ይጻፋሉ፤ ከ# ምልክት በኋላ ያለው ማስታወሻ ነው። በየክፍሉ በእጅ የተጻፉት ፋይሎች አልስማማ ስላሉ፣ በክረምቱ ሁሉንም አንብቦ የሚያመሳክር ፕሮግራም ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩ፤ መስመሮቹን የሚያነበውን ክፍሉን አንባቢ እለዋለሁ።

መጀመሪያ ያዘጋጀኋቸው ዩኒት ቴስቶች (የፕሮግራሙን ትናንሽ ክፍሎች ለየብቻ የሚመረምሩ ፍተሻዎች) ሁሉም አለፉ። ማለፋቸው ግን ምንም አላረጋገጠም፤ የሚጠበቀውን መልስ የገለበጥኩት ፕሮግራሙ ራሱ ካወጣው ውጤት ነበርና። ሁሉንም ሰርዤ እንደገና ጀመርኩ። መስመሩንና ትክክለኛ ነው የምለውን መልስ አስቀድሜ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ፕሮግራሙን የማስኬደው ከዚያ በኋላ ነው። አንባቢው ፋይል መክፈቱን ትቶ ጽሑፍ ብቻ እንዲቀበል አደረግኩት። ከዚህ በኋላ ለአንድ ፍተሻ አንድ መስመር ጽሑፍ በቃ።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማሩኝ ግን እኔ ያሰብኳቸው ሳይሆኑ ሰው በእጁ የጻፋቸው መስመሮች ናቸው። ጋሼ የምንላቸው የአንዱ ክፍል ኃላፊ 192.168.010.005 ብለው ጽፈዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ቁጥሮቹ ቀጥ ብለው እንዲሰለፉ ብዬ ነው» አሉኝ። የእኔ አንባቢ 010ን 10 አለው። ነገር ግን በዜሮ የሚጀምርን ቁጥር በስምንት መሠረት የሚያነቡ መሣሪያዎች አሉ፤ ለእነርሱ 010 ማለት 8 ነው። አንድ መስመር ወደ ሁለት የተለያዩ ማሽኖች ይመራል ማለት ነው! አንዱን ትርጉም መርጬ ማለፍ ቀላል ነበር፤ አልፈለግኩም። አንባቢው መስመሩን ውድቅ አድርጎ የመስመሩን ቁጥር እንዲናገር አደረግኩ። የፓይተን የአድራሻ ሞጁልም ከስሪት 3.9.5 ጀምሮ እንዲህ ያለውን አይቀበልም።

ሌላው በዓይን የማይታይ ነበር። የቆየው የዊንዶውስ ኖትፓድ ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት መመዝገቢያ ስልት ሲያስቀምጥ መጀመሪያው ላይ ስውር ምልክት ይጨምራል። ፓይተን እንደ ባዶ ቦታ ስለማይቆጥረው ምልክቱ ከመጀመሪያው አድራሻ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ይህንን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሎካልሆስት (ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት ስም) 127.0.0.1 እና ::1 የተባሉ ሁለት አድራሻዎች ሊኖሩት ሲገባ የመጨረሻውን ብቻ ይዤ መቅረቴን ግን አንድ ፍተሻ ወዲያው አጋለጠው።

በመጨረሻ የስህተቶቹን ዝርዝር አትሜ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ሦስቱን በእርሳስ አርመው መለሱልኝ። በአራተኛው አልተስማሙም፤ በቁጥር የሚጀምር የኮምፒውተር ስም ነበር። «ይህ ስም ለዓመታት ሠርቷል» አሉ። ወደ ደንቡ ተመለስኩ። እኔ የተከተልኩት በ1985 የወጣውን አርኤፍሲ 952 የተባለ የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ነበር፤ እርሱ ስም በፊደል እንዲጀምር ያዛል። በ1989 የወጣው አርኤፍሲ 1123 ግን በቁጥር መጀመርንም ፈቅዷል። የጋሼን መስመር እንዳለ ወስጄ አዲስ ፍተሻ አደረግኩት፤ የእኔን የተሳሳተ ፍተሻ ሰረዝኩት።