«ቅመሰው!»

ብሔራዊ አካባቢ ያለ አንድ ሕንፃ በር ላይ፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው እያየኝ፣ ጭቃ ልሻለሁ። ሳምንት ሆነው። ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኛል። ታክሲ ውስጥ ትዝ ይለኛል። ትናንት እናቴ «ወጡ ጨው አነሰው እንዴ? እስቲ ቅመሰው» ስትለኝ ከማዕድ ልነሳ ምንም አልቀረኝ።

ጦሱ ከቦረና ነው የመጣው። አምና ለሥራ ያቤሎ ወርጄ ነበር። በመጨረሻዋ ቀን ጊዜ ተረፈንና ዱብሉቅ ደርሰን ወደ ኤል ሶድ ታጠፍን። ወደ ድንበሩ ሲባል ሰው የሚያውቀው ሞያሌን ነው። እኔን ልቤን የወሰደው ግን ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ያለው ጸጥታ ነው። ቀይ አፈር፣ ከሰው የሚረዝም የምስጥ ኩይሳ፣ ግመል። ከዚያ መሬቱ ድንገት ይበሳና ከሥር የተቃጠለ ዘይት የመሰለ ጥቁር ሐይቅ ይታያል። ሰዎቹ አፍንጫና ጆሯቸውን ደፍነው ይገቡና ከሥሩ ጨው ፈንቅለው ያወጣሉ። አህዮች ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ።

እኔ አልወረድኩም። «ጫማዬ ያንሸራትታል» አልኩ። ከላይ ሆኜ ፎቶ አነሳሁ፤ አህያ ነድቶ ከወጣ ልጅ ላይ አንድ ፌስታል ጭቃ የመሰለ ጥቁር ጨው ገዛሁ። አዲስ አበባ ስደርስ «ራሴ ወርጄ ያመጣሁት ነው» አልኩ። ማን ሊያጣራ?

ዘንድሮ «እንመለስ፣ በደንብ እንየው» ብዬ ሰባት ጓደኞቼን ቴሌግራም ላይ ሰበሰብኩ። ሰባቱም «አለሁበት» አሉ። ከዚያ ጠፉ። አንዱ ብቅ ብሎ «ክረምቱ ይለፍና» አለ። እዚያ እኮ በኛ ክረምት ደረቅ ነው፤ ዋናው ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው ብዬ ጻፍኩ። ጉድጓዶቹን፣ ወንዶቹ መሰላል ላይ ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ከብት የሚያጠጡባቸውን፣ ለማየት የሚሻለው ደረቁ ወቅት ነው ብዬም ጨመርኩ። መልሱ አንዲት አውራ ጣት። ሌላው ደግሞ «ለምን ቢሾፍቱ አንሄድም? እዚያም ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሐይቅ ሞልቷል» አለ። ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ወደ ድንበር መሄድንና ሆራ ዳር ዓሣ መብላትን እኩል ያየ ሰው ምን ይባላል?

በአካል እናውራ ተባለ። ማክሰኞ፣ አንዱ ጓደኛችን ቢሮ፣ አራተኛ ፎቅ። እኔም ማስረጃዬን በፌስታል ይዤ ሄድኩ።

በሩ ላይ ፍተሻ አለ። ጥበቃው በእድሜ ገፋ ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

«ምንድን ነው?»

«ጨው ነው ጋሼ። የቦረና።»

ዝም ብለው አዩኝ። ጭቃውን አዩት። እንደገና እኔን አዩኝ።

«ቅመሰው።»

ይሄ የማስቀመስ ነገር ራሱ መቼ ነው የሚቀረው? ውሃ ይዘህ ቅመስ፣ ጁስ ይዘህ ቅመስ። አንዲት እናት የልጇን ሽሮፕ ስትቀምስ በዓይኔ አይቻለሁ። ቦርሳዬን ግን አንድም ቀን ከፍተውት አያውቁም፤ ዳበስ፣ ዳበስ፣ እለፍ።

ሰልፉ ከኋላዬ ያጉረመርማል። በጣቴ ዛቅ አድርጌ ላስኩት።

ጨው ብቻ ቢሆን በተሻለኝ። ባትሪ አለበት። የድሮ ሳንቲም አለበት። የተቀቀለ፣ የተረሳ እንቁላል አለበት። መንጋጋዬ ተቆለፈ። አንዱ ዓይኔ በራሱ ፈቃድ ተዘጋ። ያልወረድኩት ዳገት ሁሉ፣ ከነአህያው፣ በጉሮሮዬ ወረደ። እንባዬ ሲመጣ ከሊፍት የወጡት ሰዎች ሳይቀሩ ቆመዋል።

«ጎበዝ» አሉ ጥበቃው። «ይሄ የከብት ነው። የሰውማ ነጩ ነው። እኔ እዚያው ቦረና፣ ሜጋ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ልጅ አዝናልኝ የውሃ ጠርሙሷን ዘረጋችልኝ። እሳቸውም በመሃል እጃቸውን አስገብተው «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው» አሏት።

ቀመሰች። ጠጣሁ። ይኼኔ ጓደኛዬ ሊቀበለኝ ወርዶ አጠገቤ ቆሟል።

«ወርደህ ነው ያመጣኸው ወይስ ከላይ ገዝተህ?» አሉኝ ጋሼ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

አፌ ስለተቆለፈ ነው ያልመለስኩት። ጓደኛዬ ግን መልሱን አገኘ።

አሁን ግሩፑ «የከብት ጨው» ተብሏል። የጠፉት ሁሉ ተመልሰው መዋጮ ልከዋል፤ ቀኑም ተቆርጧል። ቅድመ ሁኔታቸው አንድ ነው፤ እኔ እስከ ታች ስወርድ ቪዲዮ ይቀረጻል። እወርዳለሁ። መጀመሪያ ግን የማያንሸራትት ጫማ መግዛት አለብኝ።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ሰውዬው ገና ሲያዩት አውቀውታል። አውቀው ነው ያስላሱኝ! ልጠይቃቸው ፈልጌ አፈርኩና ትናንት በጀርባው በር ዞርኩ። እዚያም ጥበቃ አለ፤ ወጣት ልጅ። ቦርሳዬን ከፍቼ ተዘጋጀሁ። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።

«ጨው የላሱት አይደሉ እንዴ? ይለፉ፣ ይለፉ።»