የአራስ ልጅ ምላስ ሲነጣ፦ መድኃኒት ይጀመር ወይስ ይቆይ?

ልጄ ምላሱ ነጭ ሲሆን ቤቱ በምክር ተሞላ። እናቴ ወተት ነው ተይው አለች፤ ጎረቤታችን በጨው ፈተግ አድርጊለት አለችኝ። እኔ ደግሞ ከሁሉ በፊት አፉን በደንብ ማየት ፈለግሁ።

መታየት ያለበት ከምላሱ ይልቅ ጉንጩ ነው። ጡት የሚጠባ አራስ ምላሱ ላይ ብቻ ስስ ነጭ ነገር ካለ አብዛኛውን ጊዜ ወተት ነው፤ ከጠባ ቆየት ሲል ይሳሳል፣ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ሲሉት ይለቃል። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ከሆነ ግን ጉንጭ ውስጥ፣ ከንፈር ከውስጥ፣ ድድና ላንቃ ላይም ይወጣል። እርጎ የተንጠባጠበበት ይመስላል፣ ግን በቀላሉ አይለቅም፤ በግድ ሲፋቅ ሥሩ ቀልቶ ሊደማ ይችላል። ስለዚህ እባካችሁ በጨው አትፈትጉ። ማርም አትቀቡ፣ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አደገኛ ነው። (ድድ ላይ ጥርስ የሚመስሉ ትንንሽ ጠጣር ነጭ ፍሬዎች ካያችሁ እነሱ ሌላ ናቸው፣ በራሳቸው ይጠፋሉ፣ አይነኩም።)

ጠዋት መስኮት ሥር አቅፌው፣ እጄን ታጥቤ ጣቴ ላይ ጎዝ ጠቅልዬ ነካ አደረግሁት። የምላሱ ለቀቀ። የግራ ጉንጩ ውስጥ ያለው ግን ንቅንቅ አላለም።

ትንሽ ብቻ ከሆነና ልጁ ደህና ከጠባ ጥቂት ቀን መጠበቅም ይቻላል፤ ቀላሉ ያለ መድኃኒት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። እኔን ለመታከም ያስወሰነኝ የራሴ ጡት ነው። በኦፕራሲዮን ስለወለድኩ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ፣ እሱ ለፈንገስ ያመቻል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጡት ጫፍ ሲያም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የልጁ አያያዝ ነው፤ የኔ ግን ደህና ሰንብቶ ድንገት ሁለቱም ጫፍ ማቃጠልና ማሳከክ ጀመረ፣ ጠብቶ ከጨረሰ በኋላም ሕመሙ አይለቅም ነበር። እንዲህ ሲሆን እናትም ልጅም አብረው ነው የሚታከሙት፤ አለበለዚያ አንዱ ለሌላው መልሶ ያስተላልፋል።

ጤና ጣቢያ ሲስተሯ አይታው ለሱ የኒስታቲን ጠብታ፣ ለኔ የሚቀባ አዘዘችልን። ጠብታው በቀን 4 ጊዜ ነው። ጠርሙሱ በደንብ ይነቀነቃል፣ ከዚያ ከጠባ በኋላ ግማሹ በአንዱ ጉንጭ ግማሹ በሌላው ይደረጋል፤ ሊጠባ ሲል ከተሰጠ ወተቱ አጥቦ ይወስደዋል። ነጩ ጠፋ ብሎ ወዲያው ማቆም የለም፣ 2 ቀን ይጨመራል። ጡጦና የእንጀራ እናት የሚባለው ማባበያ ጡጦ ካለ ይቀቀላል። ጡት ማጥባት አይቋረጥም።

ሌሎቹን መድኃኒቶች በራሳችሁ አትጀምሩ። ማይኮናዞል ጄል ከ4 ወር በታች ላለ ልጅ አይሆንም፣ ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ሊያንቀው ይችላል። ወይን ጠጁ ጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት የሚባለው የሚቀባ ፈሳሽ) ቢሆንም ለአፍ የሚታዘዘው የቀጠነው፣ 0.25 በመቶው ነው፤ ቤት የቆየ ጠርሙስ አውጥቶ መቀባት አፉን ሊያቆስለው ይችላል።

አራሱ ጡት እምቢ ካለ፣ ከደከመ ወይም ትኩሳቱ 37.5 ከደረሰ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ከአራስነት ያለፈ ልጅ ላይ ደግሞ ፈንገሱ አልጠፋ ካለ ወይም እየተመላለሰ ካስቸገረ፣ የኤችአይቪ ምርመራም ሊያስፈልግ ስለሚችል ሐኪሙን ጠይቁ።