ሳንቲሟ አልሰመጠችም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ብታወጣኝ እመሰክራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበርና ስለቴን ላድርስ። በባዮሎጂ ማስተርስ ላይ ያላችሁ ደግሞ መሐል መሐል የምጥለውን የላብራቶሪ ነገር ያዙት፤ እኔን ያስለቀሰኝ እናንተን አያስለቅሳችሁ።

የተማርኩት ጎጃም ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ነው። ቴሲሴ (የመመረቂያ ጥናቴ) በጥሬ ወተት ውስጥ ስላለው ኢኮላይ ስለሚባል ባክቴሪያ ነበር፤ መድኃኒት መላመድ አለመላመዱን ማየት። ከመራዊና ከዱርቤቴ ገበሬዎች ወተቱን በበረዶ ሳጥን አመጣለሁ፣ 25 ሚሊ ሊትሩን 225 ሚሊ ሊትር ፔፕቶን ውኃ (ባክቴሪያ የሚራባበት ፈሳሽ) ውስጥ ጨምሬ በ37 ዲግሪ አሳድራለሁ፣ ከዚያ ማኮንኪ በሚባለው የባክቴሪያ ማብቀያ ላይ እዘራለሁ። ሮዝ ሆኖ የወጣውን ኢኤምቢ ወደሚባለው ሌላ ማብቀያ ሳዛውረው የጥንዚዛ ጀርባ የመሰለ አረንጓዴ ከብለጭለጭታ ጋር ይሰጠኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ 38 የኢኮላይ ናሙና አገኘሁ። ለማስቀመጥ 0.8 ሚሊ ሊትር ባክቴሪያውን ከ0.2 ሚሊ ሊትር የተቀቀለ ግሊሰሮል (ወፍራም ፈሳሽ) ጋር ቀላቅዬ በየቲዩቡ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩ። ግሊሰሮል ከሌለው ውኃው ሲረጋ የሚሠራው የበረዶ ስለት የሴሉን ሽፋን ይበሳዋል።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቼ እንደነበር አልደብቅም። ያፈላሁት ሚዲያ (ባክቴሪያ ማብቀያ) ሁሉ ሻጋታ እየያዘ ሦስት ጊዜ ወደቀብኝ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን በጸሎት ሳይሆን በንዴት ነበር የምለው። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ተገኘ፤ አውቶክሌቩን (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለውን ድስት) እስከ አፉ እሞላና አየሩ ሳይወጣ እዘጋዋለሁ። አየር ከውስጥ ከቀረ የግፊት ጌጁ 15 ፒኤስአይ ቢያሳይም እንፋሎቱ 121 ዲግሪ አይደርስም። የምቀቅልበት 15 ደቂቃ ከንቱ ነው።

ዐቢይ ጾም ገባ። ዘወረደ ሳምንት ሐሙስ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን ጥበቃው ቢያገላብጠው አልነሣ አለ። እስኪ አስቡት፤ ጾም ከገባ ወተት ሻጭ የለም፣ ጥጃው ይጠባዋል ወይ ለቅቤ ይጠራቀማል። እነዚያ 38 ቲዩቦች ከሞቱ 55ቱ ቀን እስኪያልቅ ናሙና አላገኝም፣ ቴሲሴን የምከላከለው ደግሞ ሰኔ ነው። አባቴ በሬ ሸጦ ነው ያስተማረኝ።

ከኮሪደሩ ጨለማ ውስጥ ስልኬን እያበራሁ ፍሪዘሩን አየዋለሁ። ዝም ብሏል። ያ የሚያስጠላኝ ጉርምርምታው እንዴት ናፈቀኝ! 5 ሰዓት አለፈ። 6 ሆነ። ከካፌ የለመንኩትን በረዶ በሳጥን ይዤ ቲዩቦቹን ላዛውር መጣሁ። «አቤቱ፥ አንተን ከጥልቅ ጠራሁህ» እያልኩ እጀታውን ያዝኩ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። ስልኬ ጮኸ። የላብራቶሪያችን ቴክኒሻን ናት፤ እግዚአብሔር ዕድሜዋን ያርዝመው፣ ልጆቿን ያሳድግላት።

«አንተ ልጅ፣ እኛም ሰፈር ጠፍቷል። እዚያ ነህ?»

«አዎ እታለም፣ ወደ በረዶ ላዛውራቸው ነው።»

«እንዳትነካው! በረዶህ ዜሮ ዲግሪ ነው፣ ውስጡ ከዜሮ በታች 20 ነው። ልታሞቃቸው ነው እንዴ?»

ባዶ ቦታውን በውኃ ጠርሙስ ሞልታዋለች ለካ። ሙሉ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ ሁለት ቀን ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ ግን ወደ አንድ ቀን ይወርዳል። ሶኬቱን እንድነቅል፣ ጋቢዬን እንዳለብሰውና እንድቀመጥ ነገረችኝ። መብራት ሲመጣ ጋቢው ይነሣል፤ ኮምፕረሰሩ አየር ካላገኘ ይቃጠላል። ሶኬቱም ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ አለችኝ።

ጋቢዬን አልብሼው እኔ በብርድ አደርኩ። ከደብሩ የሰዓታቱ ዜማ ይመጣል። «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም» የሚለውን ስንቴ እንዳልኩት አላውቅም። በዚያች ሌሊት እናቴ ሰከላ ለአቡነ ዘርዓ ብሩክ ጃንጥላ ተስላልኝ ኖሯል፤ ማንም አልነገራትም፣ ልቤን ከፋኝ ብላ።

መብራት የመጣው ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜ ጧት እሷ ባለችበት ከፈትነው። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ የረጋ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ኩባያ አለ፣ በበረዶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም። ቀድሞ ያን ሳይ ስቄባት ነበር። ውኃው ቀልጦ ቢሆን ሳንቲሟ ትሰምጥ ነበር። አልሰመጠችም! እልል አለች ያቺ ሴት፣ ላብራቶሪ ውስጥ።

እኔ ግን ገና አላመንኩም። ግሊሰሮል ያለበት ከዜሮ በታች ሳለ ይላላልና ሳንቲም ብቻውን አያስተማምንም። ከየቲዩቡ ሳላቀልጥ በሉፕ (በትንሽ የሽቦ ቀለበት) ጫፍ ጭሬ ዘራሁ፣ 37 ዲግሪ፣ 24 ሰዓት። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ በቀጥታ ሮጥኩ። ከ38ቱ 36ቱ በቅለዋል። ሁለቱ የቀሩት አንድ ቀን ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብዬ ሳልበጠብጥ የከተትኳቸው ናቸው፤ ግሊሰሮል ከባድ ነው፣ ካልተናጠ ከታች ይዘቅጣል።

ሰኔ ላይ ተከላከልኩ። ጃንጥላውን ሰከላ ከእናቴ ጋር ይዘን ሄድን፤ ከግሽ ዓባይ ጸበል በጀሪካን ቀድተን ለቴክኒሻኗም አመጣንላት። ኩባያዋ አሁንም ፍሪዘሩ ውስጥ አለ፣ ሳንቲሟም ከላዩ።