ሁለት እሽግ፣ አንድ መድኃኒት

ዛሬ ደሴ፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የታመመ ጎረቤቴን ሳስታምም፣ ከሐይቅ ከተማ የመጡ አንዲት እናት በሰው ተደግፈው ገቡ። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ልጃቸውን እንኳ አልለዩትም። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። ግሉኮስ በደም ሥራቸው ሲሰጣቸው ነቁ።

ነርሷ «እማማ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘዋል?» ስትላቸው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ሁለት እሽግ ወጣ። አንዱ ላይ «ግሊቤንክላሚድ» የሚል የስኳር ማውረጃ ክኒን ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ሌላው ላይ ያው ስም ከፋብሪካው መጠሪያ ሥር በደቃቅ የፈረንጅ ፊደል ተደብቋል። እርሳቸው ሁለት የተለያየ መድኃኒት መስሏቸው ሁለቱንም ይውጣሉ! የዚህ ክኒን ኃይል ቶሎ ስለማይበርድ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይወርድ ተብሎ እዚያው እንዲያድሩ ተደረገ።

በመድኃኒት ሳቢያ ድንገተኛ ክፍል የሚገባው ሱሰኛ ብቻ ይመስለናል። እኚህ እናት የዋጡት ግን ያድናል የተባሉትን ነው። ሁለተኛው እሽግ ሲሸጥላቸው «ቤትዎ ሌላ የስኳር ክኒን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዴት ይጠፋል? እጅግ አበሳጭቶኛል።