ባትሪው 5 ሰዓት ላይ ሲሞላ

ሱሉልታም ይሁን ሰንዳፋ ወይም ገላን፣ ጣሪያው ላይ ሶላር የሰቀለ ቤት ኅዳር ሲገባ ይህን ያያል፦ ገና ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ባትሪው ጢም ይላል፣ ስክሪኑ ላይ የፓኔሉ ዋት ከ1500 ወደ 200 ይወርዳል። ፓኔሉ አልተበላሸም። ተቀባይ ስለጠፋ ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ራሱ ገድቦት ነው። አደጋ የለውም፤ ብቻ ያ ሁሉ ፀሐይ በከንቱ ያልፋል።

ብዙ ሰው ወዲያው ሁለተኛ ባትሪ ልግዛ ይላል። እስቲ እናስላው። ባለ 550 ዋት አራት ፓኔሎች በበጋ ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣሉ። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ አምፖልና ዋይፋይ በቀንና ሌሊት 5 ቢበሉ፣ የሌሊቱ ድርሻ 3 ቢሆን ነው። የ51.2 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 5.12 ይይዛል፤ ሲነጋ ገና 2 ተርፎታል። ሌላ ባትሪ ሲጨመር ጠዋት የሚተርፈው ከመብዛቱ በቀር ለውጥ የለም። የሚያዋጣው ለትርፉ ቀን ላይ ሥራ መስጠት ነው።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ከታች ታንከር ወደ ሮቶ የሚገፋውን ፓምፕ ወደ እኩለ ቀን አዙሩት። የሚበላው ግን ኢምንት ነው፦ 1000 ሊትር 10 ሜትር ለማውጣት ደካማ ፓምፕ እንኳ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል።

ትርፉን በደንብ የሚጠጣው ቦይለር ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ16 ወደ 70 ዲግሪ ለማድረስ 3.1 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። የተለመደው 1500 ዋት ኤለመንት (ውሃውን የሚያሞቀው ክፍል) ግን ለዚህ ይበዛል፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ከባትሪው ይስባል። በ750 ዋት ቀይሩት፤ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ቀስ ብሎ ያደርሰዋል። ዋት ለመቀነስ በመስመሩ ላይ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) የሚያስገቡ አሉ። አታድርጉት፤ ጭነቱ ግማሹን ሞገድ ብቻ ሲስብ የኢንቨርተሩን (የባትሪውን ዲሲ ወደ ቤት ኤሲ የሚቀይረውን መሣሪያ) ትራንስፎርመር ያግላል። የፓኔሉን ዲሲ በቀጥታ ወደ ቦይለሩ ማስገባት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፦ ቴርሞስታቱ ለኤሲ የተሠራ ስለሆነ ሲከፈት ብልጭታው አይጠፋም፣ ጫፎቹ ይጣበቃሉ፣ ውሃው ማቆሚያ አጥቶ ይፈላል።

ማብሪያውን ለሰዓት ቆጣሪ ታይመር አትስጡት። ጥር ላይ ያማረው ታይመር ሐምሌ ላይ በጭጋግ ቀን ባትሪውን ያራቁተዋል። ወሳኙ ባትሪው ይሁን፦ የባትሪ ቮልቴጅ እያነበበ ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌ፣ እሱ የሚያዝዘው ኮንታክተር (ትልቁን ጭነት የሚሸከም ማብሪያ ማጥፊያ)፣ 10 አምፒር ብሬከርና 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ በቂ ነው። 16 ሴል ላለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ማብሪያው 55.5፣ ማጥፊያው 53 ቮልት ይሁን፤ ለማብራት የ5 ደቂቃ መዘግየት ጨምሩበት። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ደመና በመጣ በሄደ ቁጥር ኮንታክተሩ ቋ ቋ ሲል ይውላል። ሌላው፣ ኢንቨርተሩ 54 ቮልት ላይ ቻርጅ የሚያቆም ከሆነ 55.5 መቼም አይደርስም፤ መጀመሪያ የቻርጅ ቮልቴጁን 56 አካባቢ አድርጉት፣ የባትሪው አምራች ከፈቀደ።

ሰው ሳያይ የሚበራ ቦይለር አንድ ጠላት አለው፤ ባዶ ሮቶ። በመግቢያው ላይ የማይመልስ ቫልቭ ከሌለ የቦይለሩ ውሃ ወደ ኋላ ይፈስስና ኤለመንቱ በደረቁ ይቃጠላል። ከሴፍቲ ቫልቩ ጋር አብሮ የሚመጣውን ይህን ቫልቭ የቧንቧ ሠራተኛው «አያስፈልግም» ብሎ እንዳያወጣው ቁሙበት።

ምጣድስ? 3.5 ኪሎዋት ስለሚስብ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ላይ ነው የሚታሰበው። ፓኔሉ 1.5 እየሰጠ ቀሪው 2 ከባትሪው ሲወጣ 40 አምፒር ገደማ ነው፤ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይችለዋል። ጠራ ባለ ቀን፣ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ውስጥ ጋግሩ፤ ቦይለሩን አጥፉት፣ ፓምፑንም አታስነሱ፤ ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ አምፒር ስለሚስብ ኢንቨርተሩን ይጥለዋል።

የመብራት ኃይል መስመር ያላችሁ ደግሞ፦ ሃይብሪድ ኢንቨርተር (ሶላርን፣ ባትሪንና መስመርን አንድ ላይ የሚያሠራው) ትርፉን ወደ መስመር እንዳይገፋ ቅንብሩን ፈትሹ፣ አምፒር የሚያነብበትን ክላምፕም ከቆጣሪው ቀጥሎ ባለው ፌዝ ላይ አስሩ። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪ አቅጣጫ አይለይም፤ የሰጣችሁትን እንደበላችሁት ይቆጥርና ካርዳችሁን ይጨርሰዋል።