ሩማቶይድ ያለበት ሰው ጉልበቱን በኮምፒውተር ሲያስቀይር

እማዬ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል፣ በቅርቡ እዚህ ሜሪላንድ አንዱን ጉልበቷን በኮምፒውተር በታገዘ ኦፕራሲዮን አስቀየርናት፣ ከዛ ወዲህ የሚደውል ሁሉ "ሮቦት ነው የሠራት?" ይለኛል። አይደለም፣ የቆረጠው ሐኪሙ ነው፣ ኮምፒውተሩ ልኩን ነው የሚያሳየው። ጭንና ቅልጥም አጥንቷ ላይ በፒን የታሰረ ምልክት አለ፣ ካሜራ ያየዋል፣ ሐኪሙ እግሯን ከዳሌ ሲያሽከረክረው ኮምፒውተሩ የዳሌውን መሃል ያገኝና እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን መስመር አስልቶ አጥንቱ በስንት ዲግሪ መቆረጥ እንዳለበት ስክሪን ላይ ያወጣል። አሠራሩ ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው (በፈረንጅ)፣ መጀመሪያ ፈረንሳይ ግሬኖብል ነው የተሞከረው።

ሩማቶይድ ልም አጥንቱን በልቶ አያቆምም፣ ጅማቱንም ያላላል፣ የብዙ ሰው ጉልበት ወደ ውስጥ ይጣመማል፣ አልዘረጋም ይላል። እንዲህ የተጣመመ እግር ላይ ልክ መያዝ ከባድ ስለሆነ ኮምፒውተሩ እዚህ ጋ በደንብ ያግዛል። ግን ሕመሙና አካሄዱ ላይ ሲታይ በድሮው መንገድ ከተሠሩት ያን ያህል የጎላ ልዩነት የለውም፣ ስለዚህ ማሽኑ የሌለበት ሆስፒታል ደረሰን ብላችሁ አትጨነቁ፣ ሩማቶይድ ያለበትን ጉልበት ደጋግሞ የሠራ ሐኪም ፈልጉ። ፒኑ የገባበት ቦታ ደግሞ አልፎ አልፎ አጥንት ሊሰበር ይችላል፣ ለዓመታት ፕሬድኒሶሎን (እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ) የወሰደ ሰው አጥንቱ ስለሚሳሳ ይሄን አንስታችሁ ጠይቁ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ ነው። ሩማቶይድ ያለበት ሰው ከቅየራ በኋላ ለኢንፌክሽን ከሌላው ይበልጥ የተጋለጠ ነው፣ ተተክሎ የተበከለ ጉልበት ደግሞ መከራ ነው። ሜቶትሬክሴት የሚባለው የተለመደው የሩማቶይድ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጥም፣ እንደ ሁሚራ ያሉት የሰውነት መከላከያን የሚያዳክሙ መርፌዎች ግን የሚቀጥለው ዶዝ ሲደርስ ይዘለሉና ኦፕራሲዮኑ ያኔ ይደረጋል፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ነው የሚቀጥሉት፣ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት ሳምንት አካባቢ። እባካችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፣ የሩማቶይድ ሐኪሙና ቀዶ ጥገና የሚሠራው ተነጋግረው ይወስኑ፣ ካልተነጋገሩ እናንተ አገናኟቸው።

አንገትም አለ። በሽታው የላይኛውን የአንገት መገጣጠሚያ ሊያላላ ስለሚችል ማደንዘዣ ሰጪው ቱቦ ለማስገባት አንገት ሲያቃና አደጋ አለው፣ ስለዚህ በሽታው የቆየበት ሰው አንገቱን ጎንበስ ቀና አድርጎ ራጅ ቢነሳ ጥሩ ነው።

ለኛ እናቶች ደግሞ ስግደት ትልቅ ነገር ነው፣ ከቅየራ በኋላ መንበርከክ ብዙ ሰው ላይ ይከብዳል፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ዎከሩንም ቀድማችሁ እዘዙ፣ ጣቶቿ ያበጡ ሰው ተራውን ዎከር ጨብጣ መደገፍ አትችልም፣ ክንድ የሚያሳርፍ አለ፣ እሱን ጠይቁ።