ቡቺ ዛሬ ቤት አገኘች

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ የማግዝበት የውሻ ሼልተር (መጠለያ) ውስጥ አንዲት ቡናማ ውሻ አለች፣ ወረቀቷ ላይ ሌላ ስም ነው ያለው እኔ ግን ቡቺ ነው የምላት (ሀበሻ ነኝ ምን ላድርግ 😂)። ሰው ሲመጣ ጭራዋን እግሯ መሀል ወሽቃ ጥግ ላይ ትለጠፋለች፣ ምግቧን እንኳን የምትበላው ሁላችንም ከሄድን በኋላ ነው። 3 ቤተሰብ መጥቶ አይቷት ሄደ፣ ልጆች የሚሮጥ ፊት የሚልስ ውሻ ነው የሚፈልጉት አይፈረድባቸውም።

ዛሬ ግን አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ መጡ። ቀና ብለው እንኳን አላዩዋትም! ወለሉ ላይ ጎናቸውን ሰጥተዋት ቁጭ አሉና ቁራጭ ዶሮ አጠገባቸው ጣል አድርገው ስልካቸውን ማንበብ ጀመሩ። 40 ደቂቃ። እኔ እግሬ ደነዘዘ። በመጨረሻ አንገቷን እንደ ኤሊ አስረዝማ ዶሮዋን ላፍ አድርጋ ተመለሰች፣ ከዛ ደግሞ መጣችና የጃኬታቸውን እጅጌ አሸተተች። እሳቸው አሁንም ዝም።

ሊወስዷት ሲፈርሙ 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር የሚባለውን ነገርኳቸው፣ ድንጋጤው እስኪያልፍላት፣ ቤቱን እስክትለምድ፣ ቤቴ ነው እስክትል ማለት ነው፣ ለእንደሷ አይነት ፈሪ ደግሞ ከዛም ሊረዝም ይችላል፣ በር ከመክፈትዎ በፊት ገመዷን ይያዙ አልኳቸው። "እኔ የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው ልጄ" አሉኝ።

ለእማዬ ደውዬ ስነግራት "አሜሪካ የሄድሽው ለውሻ ቤት ልትፈልጊ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ፣ ትንሽ ቆይታ ግን "ለመሆኑ እራት በላች?" 🥹